ሳልሞት የተነፋ ጥሩምባ

ብቻውን የሚኖር ሰው ሞትን አይፈራም። የሚፈራው ሞቱ ሳይሰማለት እንዳይቆይ ነው። እኔ ማንጠግቦሽ ይኸን ስናገር ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ያዙር። የደባርቅ ብርድ ብርድ ነው። ጉሙ ከወረደ አጥርና በር አይለይም፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ይከርማል። በዚያ መሀል አንዲት አሮጊት ከመኝታዋ ሳትነሣ ብትቀር ማን ያውቃል? ድመቴ ታውቅ ይሆናል። ድመትም የምታውቅ ስትራብ ነው።

ወልጄ ቀብሬያለሁ። ባሌንም ቀብሬያለሁ። ስለነሱ አላወራም። እድር ነበረኝ፣ ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውሁት ግን አወራለሁ፤ ጥፋቱ የኔ አልነበረምና።

የጎረቤቴ የዘቢደር ባል አለነ ሲሞት ድንኳን ተተከለ። ሴቱ ተራ በተራ እየተነሣ ደጉ አለነ፣ አንደበተ ማሩ አለነ፣ እጀ ለጋሱ አለነ ይላል። እኔ ከዘቢደር ጋር በአንድ አጥር ስኖር የአለነን እጅ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ነው በሬን በርግዳ የገባች፣ ስንት ጊዜ ነው በትሩን ከእጁ የቀማሁት። "ለጋስነቱስ እውነት ነው፤ ዱላ አይሰስትም ነበር" አልሁ። ጮክ ብዬ አይደለም። ግን ድንኳኑ ጸጥ ያለበት ሰዓት ላይ ገጠመ።

ዘቢደር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። የእድሩ ሽማግሎች ተሰብስበው በጉባኤ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ የዋሸ ነው አልሁና ወጣሁ። በእኛ ከተማ እድር የሌለው ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም። ጥሩምባ ነፊው ያርጋል ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ ረዘም ረዘም አድርጎ ነፍቶ የሟቹን ስም ካልጠራ፣ ማንም ሥራውን ጥሎ አይወጣም። ለኔ እንደማይነፋ አውቄ ነው የወጣሁት። ስወጣ ግን ቤት ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚሰፋ አላሰብሁም።

ስለዚህ ሰው ፈለግሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከየገጠሩ የሚመጡ ልጆች ደባርቅን ሞልተዋታል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፣ ስንቃቸው ሲያልቅ ሊያመጡ ወደ አገራቸው ይወጣሉ። ፀጋው የሚባል በቅሎ ነጂ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ተራራ ወዲያ ያለ ሰው፣ ልጁን የትናየትን ይዞ ቤት ሲፈልግ እኔ በር ደረሰ። ኪራይ አልፈልግም አልሁት። ታዲያ ምን ይፈልጋሉ አለኝ።

"ጠዋት ጠዋት አደሩ የምትለኝ ልጅ ነው የምፈልግ። መልስ ካልሰጠኋት ወጥታ ለሰው ትንገር።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። የገብስ ጆንያውንና የድንች ከረጢቱን አራግፎ፣ የልጅቱን ግንባር ስሞ፣ በቅሎውን አዙሮ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቆማ ታየኝ ነበር።

የትናየት ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷን የምትሰብር ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ስላለፈባት ከክፍሏ ልጆች በዕድሜ ትበልጣለች። ስትሠራ ድምፅ የላትም፤ ድስት አታጋጭም፣ በር አታላጋም። ጠዋት ከመደቧ ስትነሣ የመጀመሪያ ሥራዋ ወደኔ መጥቶ መቆም ነው።

"እማማ፣ አደሩ?"

"አድሬያለሁ።"

በቃ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የምንነጋገር ብዙ ነገር አልነበረንም፤ አልፈለግሁምም። ከእድሩ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ዘመን ጥሩ ተኝቼ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሴቶቹ ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ሞልተው፣ ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ አላሳልፍ ብለውት፣ እየተሳሳቁ ይመጣሉ። የኔዋ ከነሱ ኋላ ብቻዋን፣ የራሷን ጥላ ብቻ እያየች። ማንም ዞር ብሎ ነይ አይላትም። ጨዋ ልጅ ናት አልሁ፤ ከዋልጌ ጋር አትውልም አልሁ። እንዲህ ነው ሰው፤ የሌላው ብቸኝነት ሲመቸው ጨዋነት ይለዋል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን መቆየት ጀመረች። ሌሎቹ ካለፉ በኋላ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ትመጣለች። ከንፈሯ ያብጣል። በመጀመሪያ የወንድ ነገር መሰለኝና ተቆጣሁ። አንገቷን ደፍታ፣ ባንድ ገባሁ አለችኝ። የምን ባንድ? በበዓል ቀን ሰልፍ ፊት እየነፋ እየመታ የሚሄድ፣ ማርሽ ባንድ የሚሉት አለ፤ ትምህርት ቤታችን አቋቁሟል አለች። እኔም ያለኝን ሁሉ አወረድሁባት። አባትሽ በቅሎ ነጂ ነው ወይስ አዝማሪ? ገብስ ተሸክሞ ያመጣሽ ፊደል እንድትቆጥሪ ነው ወይስ ጉንጭሽን እንድትነፊ? ለምንድን ነው የገባሽ? ብዬ አፋጠጥኋት። እግሯን ታጠበች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ልጅ ካልመለሰ አስተማሪው ይመልሳል ብዬ በማግሥቱ ተነሥቼ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግቢ ገብቼ አላውቅም። ዘበኛው የማን ወላጅ ነዎት አለኝ። የማንም አልሁትና አለፍሁ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ልጆች ተሰልፈዋል። ጎኑ የጎደጎደ፣ የተጣመመ፣ በሽቦ የታሠረ የነሐስ ዕቃ ይዘዋል። አስተማሪያቸው እንዳለው የሚባል፣ ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ይነፋ የነበረ ከሲታ ሰው ነው። ደህና አሳዳጊ ያሳደገው መሆን አለበት፤ ሮጦ ወንበር አመጣልኝ።

"እስቲ ንገረኝ፤ እነዚህ ልጆች ምን ቸግሯቸው ነው እዚህ የሚነፉ?" አልሁት።

ፈገግ አለና በአገጩ እያመለከተ ነገረኝ። ያ ትልቁን ከበሮ ያነገተው ወፍራም ልጅ የገባው ባንድ ያለ ተማሪ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፍ አይቆምም ብለውት ነው። ያኛው ወርቃማ ቁልፍ ያለው ኮት ይሰጣችኋል ሲባል ሰምቶ። እነዚያ ሁለቱ ኤልሳቤጥን ተከትለው፤ ኤልሳቤጥ የምትባል ትንሿን ከበሮ የምትመታ ልጅ አለች፣ ዓይኗ ሲያዩት ያስደነግጣል። እሷ ራሷ ደግሞ የገባች አባቷ አይሆንም ስላላት ነው። ጎንደር በመኪና ይወስዱናል ብለው የመጡም አሉ። ለሙዚቃ ብሎ የመጣ አንድም የለም አለኝ፤ እኔም ድሮ የገባሁ ለጫማው ነበር አለ። ወደድሁት፤ አይዋሽም።

"የእርስዎ ልጅ ግን ብጠይቃት ዝም ነው ያለችኝ" አለ። "ትራምፔቱን ማንም አልይዝም ሲል እሷ እጇን አወጣች።"

ትራምፔት የሚለው ጥሩምባ ነው፤ ቆልማማ ጥሩምባ። ማንም አልይዝም ያለበትን ምክንያት ሊነግረኝ አላስፈለገም። የደባርቅ እናት ጥሩምባ ከቤቷ አታስገባም። ጥሩምባ የገባበት ቤት ሰው ለሞት ይጠራበታል ይባላል። የኔዋ ከወዲያ ማዶ ናት። እነሱ አገር ሰው ሲሞት አንድ ድምፀ መረዋ ጎበዝ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል እንጂ ጥሩምባ የሚባል ነገር አያውቁም። ለሷ የነሐስ ዕቃ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ልጄ አይደለችም፣ አብራኝ የምታድር ናት አልሁት። ይኸ ነገር ከቤቴ ደጃፍ እንዳይደርስ ብዬም አስጠነቀቅሁት። እሽ እትየ፣ እሽ እትየ አለ። አስተማሪ እሽ ሲል ሌላ ነገር እያሰበ ነው። የወላጆች በዓል ደርሶ ኖሮ፣ ዓርብ ዕለት ጥሩምባውን ቤትሽ ወስደሽ ተለማመጂ ብሎ ሰጣት። እሷም ተቀብላ፣ አምጥታ፣ ገብሱ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው።

በዚያ ዓርብ እኔን ምች መትቶኝ ነበር። የትናየት ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፣ ግንባሬንም ቀባችኝ፣ ያለኝን ጋቢ ሁሉ ደርባ አለበሰችኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዷ መጥታ አደሩ አለች። አድሬያለሁ አልሁ፤ ድምፄ ግን ተዘግቶ ነበር። ይተኙ ብላኝ ቀስ ብላ በሩን ገጠም አድርጋ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ ጥሩምባ ሰማሁ።

አንድ ረጅም። ደግሞ አንድ ረጅም። ልጅቱ ለካ እስከዚያን ጊዜ የተማረችው ትንፋሿን ሳታቋርጥ አንድ ድምፅ ማስረዘምን ብቻ ነበር። ከድንቹ መደብ ዳር፣ ከቤቱ ጓሮ ሆና ነው የምትነፋ። እኔ ግን ጋቢ ተከናንቤ፣ ጆሮዬ በትኩሳት ተደፍኖ፣ ከቅርብ ይሁን ከሩቅ በምን ልለየው። ማን ሞተ? አልሁ። ያርጋል ስሙን እስኪጠራ ጠበቅሁ። ማን ይሆን? ባሻገር ያሉት ሽማግሌ ታመዋል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሳቸው ይሆኑ? ስም የሚጠራ የለም። ደግሞ አንድ ረጅም ተነፋ።

ከዚያ ሴት እየጮኸች ስትመጣ ሰማሁ። ጩኸቱ ይቀርባል። አጥሬን አለፈ። ግቢዬ ገባ። ያን ጊዜ ነው የሞትሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁ።

"እህቴን! እህቴን!" እያለች መሬት ላይ ስትወድቅ ሰማሁ። ዘቢደር ናት። ስንት ዘመን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰችልኝ ዘቢደር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በሬ ሥር ቁጭ ብላ፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች።

"ቤቴ ሲነድ ደራሽ፣ ዱላ ሲያርፍ ጋሻ፣
አፏ እሳት ነበር፣ እጇ ግን መሸሻ።
እውነቱን ብትናገር ተቀየምኋት እኔ፣
አሁን ለማን ልንገር፣ ማንጠግቦሽ ወገኔ።"

ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ ብል ማንም ያምነኝ ነበር። አልከዳኝም። ልሰማ ፈልጌ ነው ያልተነሣሁ። በቁሜ ሳለሁ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም፤ ሞቼ ካልሆነ የሚለኝም ያለ አይመስለኝም። ጋቢዬን እስከ አገጬ ስቤ ጸጥ ብዬ ተኛሁ።

የትናየት ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች። አልሞቱም፣ አልሞቱም፣ አሁን አነጋግሬያቸዋለሁ እያለች ትጮኻለች። ማን ሰምቷት። ዘቢደር በሩን ገፍታ ገባች። እኔም ተነሥቼ ቁጭ አልሁ።

"ቀጥይ እንጂ" አልኋት። "ጥሩ እያወረድሽ ነበር።"

ፊቷን ማየት ነበር። መጀመሪያ እግዚኦ ብላ አማተበች። ቀጥሎ የመደቡን ጠርዝ ያዘች። ሕያው መሆኔን ስታረጋግጥ ግን እንባዋ ዓይኗ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ሰምተሽ ነበር?"

"ከመጀመሪያው።"

"ሰምተሽ ዝም አልሽ?"

"ሬሳ ይናገራል እንዴ?"

ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ለበሰች። ይኸ አፍ መቼ ነው የሚሞት ብላኝ ወጣች። እንደዚያ ስትል ድምፏ ተንቀጠቀጠ። የተናደደች ሴት ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላም ምክንያት ካለው እሷ ታውቃለች።

ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ወጣሁ። ባለሱቁ ባሽር ሱቁን ዘግቶ፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ብሎ አግዳሚ ወንበሩን ብቻውን ተሸክሞ መጥቷል። እኔን ሲያይ አልሐምዱሊላህ አለና ወንበሩን አስቀምጦ ራሱ ተቀመጠበት፤ ደክሞት ነበር። ሁለት ሴቶች ከአጥር ውጭ ቆመው ያያሉ። በቃ። ማኅበር አብሬ የጠጣሁ፣ ስትወልድ ያረስኋት፣ በሠርጓ የዘፈንሁላት ሁሉ የለችም። ኋላ እንደሰማሁት መንደሩ ጥሩምባውን ሰምቶት ነበር። ከየት እንደመጣ ሲያውቁ ግን፣ ስም አልተጠራም ብለው ተመልሰው ተኝተዋል። ስሜን የሚጠራ አልነበረማ።

ከዚያ ያርጋል ከች አለ። ሰውየው እንደ ነደደ እሳት ነው። የራሱን ጥሩምባ በብብቱ ሸጉጧል።

"ያለ እኔ ማነው የነፋው?"

የትናየት ዕቃውን ወደ ኋላዋ ልትደብቀው ሞከረች፤ የት ይደበቃል። ያርጋል ሕጉን ዘረዘረላት። ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ ለእድሩ ያስታውቃል፣ እድሩ ለኔ ይነግረኛል፣ ከዚያ ነው የሚነፋ፤ ይኸ የልጅ መጫወቻ አይደለም፣ ሰው ልቡ ቆሞ ቢሞት በማን ይፈረዳል አላት። ልጅቱ የጥሩምባን ነገር ያን ዕለት ገና ሰማች። እኔ ቤት በሰው ልጅ ላይ ሲጮኽ ዝም ልለው አልቻልሁም።

"አንተ ይኸን ያህል ዘመን ነፍተህ አንድ ቀን እንደሷ አላሰማህም" አልሁት። "አንተ ስትነፋ ፍየል የታነቀች ነው የሚመስል። እሷ ስትነፋ እንኳን ሌላው እኔም አመንሁ።"

ባሽር ሳቁን በነጠላው ጫፍ አፈነ። ያርጋል ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ እንደገና ሸጎጠው።

"እትየ ማንጠግቦሽ፣ እርስዎ እድር የለዎትም" አለኝ፤ አሁን ዝግ ብሎ። "ስድቡስ ይሁን። የእርስዎ ቀን ሲመጣ ማን ሊነፋልዎት ነው?"

ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። እኔ ደግሞ መልስ አጥቼ አላውቅም። የልጅቱን ትከሻ ያዝሁና ወደ ፊት ገፋ አደረግኋት።

"ይቺ አለችኝ። ይቺ ትነፋልኛለች።"

አጥር ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ባሽርም ሳቀ። ያርጋል እንኳ ሳቅ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። የትናየት ግን ከእጄ ሥር ሸርተት ብላ ወጣች። ትከሻዋ የነበረበት ቦታ ላይ እጄ ብቻውን ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ልብሷን አጥፋ ፌስታል ውስጥ ስትከት አገኘኋት። ወዴት ነው አልሁ። ኤልሳቤጥ ጋ፤ ሦስት ሆነው ተከራይተዋል፣ ነይ ካሉኝ ቆይተዋል አለች። ለጥሩምባው ከሆነ እዚሁ ንፊ፣ ያርጋል የግቢዬ ጌታ አይደለም አልኋት።

"ለሱ አይደለም፣ እማማ።"

ታዲያ ለምን? ተቀመጠች። ከመጣች ጀምሮ የተናገረችውን ሁሉ ቢደምሩት ያን ቀን የተናገረችውን አያህልም።

ከገጠር ስትመጣ ክፍሉ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አነጋገርሽ ይጎተታል እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቁባት፤ ከዚያ መሳቁንም ተዉት። መሳቁን ሲተዉት ባሰ አለች። አንድ ጊዜ ራሷን አሟት ከትምህርት ቀረች። አስታውሳለሁ፤ እዚሁ መደቧ ላይ ተኝታ ውላለች።

"በማግሥቱ ሄድሁ። የት ነበርሽ ያለኝ የለም። ስም የሚጠራው ልጅ እንኳ በቀረሁበት ቀን አለች ብሎ ነው የያዘኝ። ባዶው ቦታና እኔ አንድ ነን።"

የፌስታሏን አፍ እየቋጠረች ቀጠለች።

"ባንድ ውስጥ ግን አንድ ሰው ከቀረ አይጀመርም። ጋሽ እንዳለው ቆሞ ይጠብቃል። ልጆቹ ይሰድቡታል፣ የት ቀረ ይላሉ፣ ሄዳችሁ ጥሩት ይላሉ። ያን አይቼ ነው የገባሁ። መንፋቱን አልወድም ነበር፤ ከንፈሬን ያመኛል። ብቀር የሚሰድበኝ ሰው ፈልጌ ነው።"

"እኔስ?" አልሁ። "እኔ ብትቀሪ አልጠራሽም?"

ቀና ብላ አየችኝ። ያቺ አንገተ ሰባራ ልጅ ያን ቀን ዓይኗን አልሰበረችም።

"እርስዎ የሚፈልጉኝ ለሞትዎ ነው። ጠዋት አደሩ ብዬ መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ ልቤ እንዴት እንደሚመታ አያውቁም። አንዳንድ ቀን ሆን ብለው ያቆዩኛል። ሬሳ የማገኘው እኔ ነኝ፣ እማማ። አሁን ደግሞ የምነፋውም እኔ ሆንሁ።"

ሆን ብዬ ማቆየቴ እውነት ነው። ድምፅዋ እንዲደገም ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ እማማ እንድትለኝ። ይኸን ግን አልነገርኋትም። ፌስታሏን አነሣች። ጆንያውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፣ አባቴም እንዲሁ ነው የሚወድ አለች። እኔ ማንጠግቦሽ በሕይወቴ ሰውን ለምኜ አላውቅም። ባሌ ሲሞት እግዜርን እንኳ አልለመንሁም።

"አትሂጂ" አልኋት።

ቆመች። ሰማችኝ። ከዚያ ተንበርክካ ጉልበቴን ስማ ተነሣች። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ አለችኝ። መጣችም አንዳንድ ቅዳሜ። ፈተና ሲሆን ቀረች፣ ልምምድ ሲሆን ቀረች። ልጅ ናት፤ ልጅ ቦታ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆን።

በሄደች ማግሥት ጠዋት ነቅቼ ሳላስበው አድሬያለሁ አልሁ። ድመቷ ቀና ብላ አይታኝ ተመልሳ ተኛች።

የወላጆች በዓል ቀን ሄድሁ። አልተጠራሁም። ዘበኛው አወቀኝና ዛሬም የማንም ነዎት እንዴ ብሎ ቀለደብኝ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። እናት አባት የሆነው ከፊት በወንበር፣ እኔ ከኋላ ከባሕር ዛፉ ጋር ቆምሁ። ልጆቹ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። የኔዋ ኮቱ ሰፍቷታል፣ እጅጌውን አጥፋዋለች። ከኤልሳቤጥ ጎን ናት፤ ኤልሳቤጥ አንድ ነገር በጆሮዋ ትላታለች፣ እሷ ሳቋን ለማፈን ጉንጯን ትነክሳለች። ሳቋን ከዚያ በፊት አላየሁትም።

አስተማሪው እጁን አነሣ፣ ደግሞ አወረደው። ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው የሚቆምበት ክፍት ቦታ አለ። ሹማምንቱ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ወላጅ ያጉረመርማል፣ ፀሐይ ናላ ይበሳል። አስተማሪው አልጀመረም። ልጆቹ አልተጠጋጉም፤ ያን ቦታ አልሸፈኑትም። ሁሉም አንገታቸውን ወደ በሩ አስግገው ያያሉ። በመጨረሻ ያ ወፍራሙ ልጅ ከበሮውን አቅፎ እየሮጠ መጣ። ሱሪው ተቀዶበት ሲሰፋ ቆይቶ ነው አሉ። ሰልፉ በሙሉ አንድ ላይ ሰደበው። ስድቡን ተቀብሎ ቦታው ገባ፤ ደስ ብሎታል።

ከዚያ ነፉ። ያርጋል መጥቶ ከነሱ ይማር አልሁ። ያ ጥሩምባ ሲነፋ ማንም ነጠላውን አልዘቀዘቀም፤ ሕፃናቱ ይዘላሉ፣ አንዲት እናት እልል አለች። የትናየት ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለማንም ሞት አትነፋም። ሲያልቅ እናቶች ወደየልጆቻቸው ተራመዱ። እኔ የምራመድለት ልጅ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ሄድሁ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ከበዓል ሲመለሱበት ግን ይረዝማል።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሣሁ። ጉሙ አልተገፈፈም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ የዘቢደርን በር አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተች። መጥረጊያ ይዛለች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አልተያየንም ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለች።

"ምንም አልሆንሁ። ዛሬም አልሞትሁም፤ ይኸንኑ ልነግርሽ ነው።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም።"

በሩን አልዘጋችውም። ግቢም አላለችኝ። መጥረጊያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። እኔም ይቅርታ የሚመስል ቃል እንዳይወጣኝ አፌን ገጥሜ ቆምሁ፤ እሷም ይቅር አልሁሽ የሚመስል ነገር እንዳይወጣት ከንፈሯን ነክሳለች። እንዲህ ሆነን ቆየን፤ ጉሙ በመሀላችን ገብቶ ወደ ቤቷ እያለፈ። ብርድ ስለገባት ይሁን ስለሰለቻት ቀድማ የተናገረች እሷ ናት።

"ነገም እንዲህ ልታደርጊ ከሆነ ቀደም ብለሽ ነይ" አለች። "በዚህ ሰዓት ገበያ እወጣለሁ።"

እሽም እምቢም ሳልላት ተመለስሁ። በማግሥቱ ቀደም ብዬ ሄድሁ።